ሰባ ስምንት ዙር

«እንደ እኔ የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው በዚህ ከተማ ካለ ይምጣና ጆሮዬን ይቁረጠው!» አለች ልጅቱ፣ የጎረሰችውን ዳቦ እንኳ ሳትውጥ። «ዓይኔን ሸፍኑኝና መርፌውን ሸክላው ላይ ጣል አድርጉት። በአሥር ሰከንድ ውስጥ የትኛው ባንድ እንደሆነ፣ መቼ እንደተቀዳ፣ ከበሮ መቺው ቁርሱን በልቶ ይሁን ሳይበላ እነግራችኋለሁ።»

«መጀመሪያ የራስሽን ቁርስ ዋጪው» አሉ እማማ።

አባባ ሳቁ። ሲስቁ ግን ወገባቸውን ያዝ አደረጉ።

ልጅቱ ከእነዚህ ሁለት አያቶቿ ጋር ነው የምትኖረው። ትምህርት ቤት ውስጥ ከሰባተኛ ክፍል በላይ አብሯት ሊዘልቅ የቻለ መምህር አልተገኘም፤ እሷ ግን «ትምህርቱ ነው እኔን ያልቻለኝ» ትላለች። ጉራዋ ግን ሙሉ በሙሉ ከባዶ የመጣ አልነበረም። አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በአሮጌው አዳራሽ የስዊንግ፣ የዚያ የድሮ ፈጣን የጃዝ ዳንስ፣ ዲጄ ናቸው። ዲጄ ሲባል የጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እጁን የሚያወናጭፈው እንዳይመስላችሁ። አባባ ከረባት አስረው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አርባ ሸክላ የታጨቀበት የእንጨት ሳጥን አቅፈው የሚመጡ ዲጄ ናቸው። ሸክላዎቹ በዕድሜ ይበልጧቸዋል። እያንዳንዱ ውስጥ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ሰው ያለው ቢግ ባንድ ተቀምጧል፤ መርፌ እስኪነካው ድረስ እንቅልፉን ይለጥጣል።

ልጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግራቸው ሥር ተቀምጣ የተማረችው አንድ ነገር አለ። ለዳንስ ሸክላ መምረጥ ጥሩ ዘፈን መምረጥ ብቻ አይደለም። አንዱን ዘፈን አንዱ ባንድ አራት ጊዜ ሊቀዳው ይችላል። አንዱ ቅጂ ይሮጣል፣ አንዱ ያዛጋል፣ በሌላው ደግሞ ጥሩምባው ጮሆ ቤዙን ይውጠዋል። ጥሩምባው ለጆሮ ነው፤ እግር የሚሰማው ቤዙንና ከበሮውን ነው። ኮንሰርት ላይ የተቀዳው ጭብጨባ ይበዛበታል። በኋላ ዘመን «አጽድተነዋል» ብለው ያወጡትስ? ከጭረቱ ጋር ነፍሱንም አብረው ጠርገውታል፤ ባንዱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚጫወት ነው የሚመስለው። ደግሞ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ማለቅ አለበት። ከዚያ ካለፈ ደናሹ ዲጄውን መርገም ይጀምራል።

የመጨረሻው ፈተና ግን የእማማ ቢላዋ ነበር። አባባ አዲስ ሸክላ ሲያገኙ ሳሎን ከፍተውት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ውሃ ለመጠጣት ወጥ ቤት ብቅ ይላሉ። እማማ ካሮት እየከተፉ ነው። ቢላዋው ከከበሮው እኩል መክተፍ ከጀመረ ሸክላው ሳጥን ይገባል። ቢላዋው የራሱን መንገድ ከሄደ፣ ባንዱ የፈለገውን ያህል ስም ያለው ይሁን፣ አይገባም። እማማ ዳኛ መሆናቸውን አያውቁም ነበር። ካሮት የሚከትፉ ነበር የሚመስላቸው።

እማማ ሳንባቸው ከድቷቸዋል። ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪሙ አስቀምጦ ነገራቸው። ዳንስ ይበቃል፤ ከእንግዲህ ቤት ውስጥ፣ አፍንጫ ላይ ከሚሰካ የኦክስጅን ቱቦ ጋር ነው ኑሮው።

«ስማኝ የኔ ልጅ» አሉት እማማ። «እሑድ እሑድ የመዝጊያ ዘፈን የሚባል አለ። ይህን ሰውዬ ካገባሁ ጀምሮ ያ ዘፈን ሲጫወት ቁጭ ብዬ አላውቅም። እሱን በእግሬ ቆሜ እስከጨረስኩ ድረስ ደህና ነኝ። ያቃተኝ ቀን በራሴ እግር እመጣልሃለሁ፤ ያን ጊዜ ቱቦህን ትሰካልኛለህ።»

እማማ አንዴ ካሉ አሉ ነው። ሐኪሙም ሳይወድ በግዱ ተስማማ። ይኸው ሦስት ዓመት፣ እማማ የመዝጊያውን ዘፈን ይጨርሳሉ፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ በደረጃው ላይ ላገኙት ጎረቤት ሁሉ «ትናንትም ጨረስኩት!» ይላሉ። ያቺ ሦስት ደቂቃ ለእሳቸው የጤና ምስክር ወረቀታቸው ነበረች።

በዚያ ሳምንት የታመመው ታዲያ የአባባ ወገብ ነው። ሳጥኑን ማንሳት አልቻሉም። ስለዚህ ልጅቱ አርባውን ሸክላ ወደ ኮምፒውተር እንድትገለብጥና እሑድ በእሳቸው ፈንታ እንድታጫውት ተወሰነ። ልጅቱ ከደስታዋ ብዛት ጣራ ልትነካ ምንም አልቀራት። ከአራት ቅጂ አንዱን እንድትመርጥ አባባ ሲፈትኗት፣ ቤዙ እንደ ልብ ምት የሚሰማውን ለይታ አወጣች፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው «ጆሮስ አለሽ» አሉ። ይህን ቃል የሰማች ልጅ ከዚያ በኋላ ማን ይያዛት?

«ሁለት ነገር» አሉ አባባ። «መርፌውን በየአሥሩ ሸክላ ቀይሪ። ይህን ቁልፍ ደግሞ አትንኪ።»

በማጫወቻው ጎን ያለችው የፍጥነት ቁልፍ ናት። ቡናማ ፕላስተር በላይዋ ተለጥፎባታል፤ የፕላስተሩ ጠርዝ በእጅ ብዛት ጠቁሯል።

«ምነው፣ ተበላሽታ ነው?»

«አትንኪ አልኩሽ።»

«እኮ ለምን?»

አባባ ወደ ወጥ ቤት ዓይናቸውን ጣል አደረጉ። የእማማ ቢላዋ ይሰማል። «እንዳለች ትሁን» ብቻ ብለው ወገባቸውን ይዘው ወደ አልጋቸው ሄዱ።

ልጅቱ የጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ የመጀመሪያውን ሸክላ ከፈተች። የመዝጊያው ዘፈን ነው። ዘፋኟ አፏን ስትከፍት ልጅቱ ፊቷን አኮማተረች። ድምፅዋ ወፍሯል። ሴትዮዋ ጉንፋን ይዟት ወይም የራሷ አጎት ሆና የምትዘፍን ነው የምትመስለው። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትሰማው ዘፈን ስለሆነ አዳራሽ ውስጥ ልብ ብላው አታውቅም፤ በጆሮ ማዳመጫ ግን ግልጥ ብሎ ወጣ። ትንሽ ወረቀት ቆርጣ ሸክላው ጫፍ ላይ ለጠፈችና፣ የስልኳን ሰዓት ይዛ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቆጠረች። እንደዚህ ያለ ሸክላ በደቂቃ ሰባ ስምንት ጊዜ መዞር አለበት። ይህ የሚዞረው ሰባ ነው። ደግማ ቆጠረች። ሰባ።

ከዚያ የሸክላውን የወረቀት ከረጢት አየች። አባባ በየከረጢቱ ላይ ዘፈኑ በደቂቃ ስንት ምት እንዳለው በእርሳስ ይጽፋሉ። እዚህኛው ላይ 176 ተጽፎ ተሰርዟል። ከሥሩ 170፣ ተሰርዟል። ከዚያ 164፣ ተሰርዟል። መጨረሻ ላይ 158። አጠገባቸው ቀን አለ፤ ሁሉም ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው። ሌሎቹንም ከረጢቶች አገላበጠች። አርባውም እንደዚያው ናቸው።

«ውይ አባባ» አለች በሹክሹክታ።

ልቧ ስፍስፍ አለ። ለካ አባባ ጆሯቸው ደክሟል። ዓመት በዓመት ሲቆጥሩ እያነሰባቸው፣ ማጫወቻው እየተበላሸ፣ እሳቸው ግን አፍረው በፕላስተር ሸፍነውታል። ያን ሁሉ ሰው ፊት! ደናሾቹ በልባቸው ሲስቁባቸው ኖረው ይሆናል። እንግዲህ ስማቸውን ማዳን የማን ሥራ ነው? የባለ ጆሮዋ ነዋ።

ፕላስተሩን በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ላጠች። ቁልፏን ዞር፣ ዞር፣ ትንሽ ዞር። ወረቀቷ ሰባ ስምንት ጊዜ ዞረች። ዘፋኟ ከጉንፋኗ ድና ወጣት ሆነች፤ ጥሩምባዎቹ ከእንቅልፋቸው ተነሡ። ልጅቱ አርባውን ሸክላ በትክክለኛ ፍጥነቱ ገልብጣ ስትጨርስ፣ ቁልፏን ወደነበረችበት መልሳ ፕላስተሩን ለጠፈችው። ለእሑድ ያልተጠበቀ ደስታ እንዲሆን ነው።

እሑድ አዳራሹ በጊዜ ሞላ። አባባ «የመዝጊያው ሲደርስ እመጣለሁ፣ ከአያትሽ ጋር እሱን መደነስ ለማንም አላውስም» ብለው ቤት ቀርተዋል። በር ላይ ቲኬት ቆራጯ ተቀምጠዋል። እኚህ ሴትዮ አዳራሹ ከተሠራ ጀምሮ ከዚያች ወንበር ተነሥተው የማያውቁ፣ ምላሳቸው ከመቀሳቸው ይልቅ የሚቆርጥ ናቸው። እማማ የዳንስ ጫማቸውን በጨርቅ ከረጢት ይዘው፣ ደረጃውን ሦስት ቦታ አርፈው ወጡ።

ልጅቱ የመጀመሪያውን ዘፈን ለቀቀች። እማማ ከልብስ ሰፊው ጋር ነው የተነሡት፤ ልብስ ሰፊው የቤተሰቡ የረጅም ጊዜ ወዳጅ፣ እግራቸው ቀላል ሽማግሌ ናቸው። ዘፈኑ ገና ግማሽ ሳይደርስ ልብስ ሰፊው ወደ ዲጄው ጠረጴዛ ዞር ብለው አዩ። ሌሎቹም ጥንዶች እርስ በርስ ተያዩ። ልጅቱ «ነቁ!» አለች በልቧ።

ሦስተኛው ላይ እማማ ተቀመጡ። «ጫማዬ ነው» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «እግሬን ጨመደደኝ።»

ልብስ ሰፊው ወደ ጠረጴዛው መጡ። «የኔ ልጅ፣ ትንሽ ረጋ ብታደርጊውስ?»

«ባንዱ የተጫወተው በዚህ ልክ ነው ጋሼ። ቅሬታ ካለዎት ለባንዱ ሰዎች ይጻፉላቸው። ሁሉም ሞተዋል እንጂ።»

ልብስ ሰፊው ወደ እማማ ወንበር አዩ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ እማማ ቅርብ ናቸው። መልሰው ዘጉትና ሄዱ። ከበር ላይ ቲኬት ቆራጯ እጃቸውን ወደ ታች፣ ወደ ታች ያደርጋሉ፤ ለሹፌር ቀስ በል እንደሚሉት ዓይነት። ልጅቱ ድምፁ በዝቶባቸው ነው ብላ ድምፁን ቀነሰችላቸው። ሴትዮዋ ግንባራቸውን ያዙ።

እማማ አንዱን ይደንሳሉ፣ ሁለቱን ይቀመጣሉ። ጫማውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ለመዝጊያው ጉልበቴን ላስቀምጥ» አሉ ለልብስ ሰፊው።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን አባባ በምርኩዝ ብቅ አሉ። ሙዚቃውን ከደረጃው ላይ ሰምተውት ኖሯል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ምርኩዛቸውን እያንኳኩ በደናሾቹ መካከል ወደ ጠረጴዛው ሲገሰግሱ፣ ልጅቱ ሊያቅፏት የሚመጡ መሰላት። ጊዜው አሁን ነው ብላ ማይክሮፎኑን አነሣች።

«ክቡራትና ክቡራን! እነዚህን ሸክላዎች ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሰሙ የነበረው ተኝተው ነው። ማጫወቻው ሰባ ስምንት ዙር መዞር ሲገባው ሰባ ብቻ ነበር የሚዞረው። ማንም አልሰማም፤ እኔ ሰማሁ! እነሆ የመዝጊያው ዘፈን፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛ ፍጥነቱ!»

የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጫነች። ባንዱ ተነሣ። ማንም አላጨበጨበም።

እማማ መሐል ላይ ቆመዋል። እጃቸውን ወደ አባባ ዘርግተው ነበር፤ እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ። አባባ ጠረጴዛው ጋ ሳይደርሱ እማማ ፊት ቆሙ።

«ስንት ዓመት ነው ያለችው?» አሉ እማማ።

«ሦስት።»

«አንተ ነህ?»

«አንቺ ሲደክምሽ፣ ትንሽ ትንሽ ነው የቀነስኩት። ስድስት ምት ስቀንስ ማን ይሰማል ብዬ።»

«እንግዲያው ሐኪሙን ስዋሸው ኖሬያለሁ።»

ልጅቱ አሁን ገባት። ከረጢቶቹ ላይ የነበሩት ቁጥሮች የአባባን ጆሮ አልነበረም የሚለኩት። የእማማን ትንፋሽ ነበር። ልታቆመው እጇን ወደ ኮምፒውተሩ ሰደደች።

«እንዳትነኪው!» አሉ እማማ። ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። «ይጫወት። ና አንተ ሰውዬ።»

ደነሱ። አንዱ ወገቡን፣ አንዷ ደረቷን ታመው፣ በመቶ ሰባ ስድስት ምት ደነሱ። ዘፋኟ ዘፍና እስክትጨርስ እማማ አንዲት እርምጃ አልሳቱም፤ ቀሚሳቸው እንኳ እንደ ድሮው ዞሮ ተከፈተ። ፒያኖው ሲገባ አፋቸው ተከፈተ። ሳክስፎኖቹ ሲገቡ ትከሻቸው ከትንፋሻቸው ጋር መውጣትና መውረድ ጀመረ። ከዚያ የአባባን ኮት እጅጌ ጨብጠው ቆሙ።

ልጅቱ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ቀርቶ ነበር።

ልብስ ሰፊው ወንበር አመጡ። እማማ ተቀመጡ። ዙሪያውን ደናሹ ሁሉ እግሩ እንደተተከለ ቀርቷል።

«ምን ትቆማላችሁ?» አሉ፣ ቃሉን በሁለት ትንፋሽ ከፍለው። «አላለቀም እኮ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። የሞቱት ሰዎች ባንድ ሃምሳ ሁለት ሰከንዱን ለባዶ ወለል ተጫውቶ ጨረሰ።

ሰኞ ጠዋት እማማ ጥሩ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በቃላቸው መሠረት በራሳቸው እግር ሐኪሙ ዘንድ ሄዱ። ደረጃው ላይ አንዲት ጎረቤት «ትናንትስ ጨረሱት?» ብትላቸው፣ «አልጨረስኩትም እናቴ» ብለው አለፉ። ማክሰኞ የኦክስጅን መሣሪያው መጣ። ሳሎን ውስጥ፣ ከሸክላ ማጫወቻው አጠገብ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ እዝዝዝ ይላል።

ልጅቱ ሁለት ቀን እህል ሳትቀምስ ከርማ አጠገባቸው ሄዳ ተንበረከከች። «እማማ፣ ወደ ሰባ እመልሰዋለሁ። ከፈለጉም ስድሳ አምስት አደርገዋለሁ። ዛሬውኑ እሠራዋለሁ።»

እማማ ቱቦውን ከአፍንጫቸው አስተካከሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ያቺ ዘፋኝ ድምፅዋ ዓመት በዓመት ሲወፍር እሰማ ነበር» አሉ። «‹እሷም እንደኔ እያረጀች ነው› እል ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አብረን የምናረጅ መስሎኝ።» ትንሽ ተነፈሱ። «ለካ እሷ አላረጀችም።»

«እማማ…»

«ዘገም ያለውን ደግሞ አሁን ካወቅሁት በኋላ በምን ልቤ እደንሰዋለሁ? ተይው። ካሮቱን ከትፊልኝ።»

ልጅቱ ወጥ ቤት ገብታ ካሮት መክተፍ ያዘች። ሳሎን ውስጥ አባባ ፕላስተሩን ራሳቸው ሲልጡት ይሰማታል። ከዚያ እርሳስ ወረቀት ላይ ሲጫጭር። በኋላ የመዝጊያውን ዘፈን ከረጢት ስታየው፣ ከተሰረዙት ቁጥሮች ሁሉ ሥር፣ 158ም ተሰርዞ 176 ተጽፎበታል። መርፌው ሸክላው ላይ ሲያርፍ ተሰማት፤ የማታውቀው አዲስ ሸክላ ነው። ትንሽ ቆይቶ አባባ በልማዳቸው ውሃ ሊጠጡ እንደመጡ ሰው ወጥ ቤቱ በር ላይ ብቅ አሉ። ቢላዋውን ማን እንደያዘው አዩ። ውሃውን ሳይጠጡ ተመለሱ፤ ሙዚቃው መሐል ላይ ተቋረጠ።

በተከታዩ እሑድ ሳጥኑን የተሸከሙት ልብስ ሰፊው ናቸው፤ አባባ ወንበር ላይ ተቀምጠው አጫወቱ። ልጅቱ ወደ ጠረጴዛው ዝር አላለችም። በር ላይ ከቲኬት ቆራጯ ጎን ኩርምት ብላ ተቀምጣ ቲኬት ታቀብላለች። ከውስጥ ፈጣን ዘፈን ይመጣል። የእማማ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ ኮት እንኳ አልተሰቀለበትም።

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከቲኬቶቹ ላይ አላነሡም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ክፉ አስቤ አይደለም» አለች ልጅቱ። «አባባን ላድናቸው ብዬ ነው። ጆሮዬ ነው ጉድ የሠራኝ። ያ ሁሉ ሰው ሦስት ዓመት ሲደንስ ሸክላው መዘግየቱን የሰማ የለም፤ እኔ ብቻ በመስማቴ…»

ቲኬት ቆራጯ መቀሳቸውን አስቀመጡና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዩት።

«አንቺ ብቻ? እኛማ ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ ሰምተናል። አፋችንን ዘግተን ነው እንጂ ደንቁረን መሰለሽ?»